አራቱን ቅኝቶች በጊታር መለማመድ፦ ከአንድ ክር ተነሥቶ

ክራር የሚመታ ሰው ከትዝታ ወደ አምባሰል ሊሻገር ሲፈልግ ጨዋታውን ያቆማል፣ ጆሮውን ወደ ክራሩ ያስጠጋል፣ አንዱን ክር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ያደርግና እንደገና ይጀምራል። ይህ ሥራ መቃኘት ይባላል፤ «ቅኝት» የሚለውም ስም የወጣው ከዚሁ ነው። ክራሩ አንድ ጊዜ ከተቃኘ በኋላ ተጫዋቹ ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ድምፅ ልምታ ቢል እንኳ በቀላሉ አያገኘውም፤ ክሮቹ ራሳቸው ይጠብቁታል። ጊታር እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። አሥራ ሁለቱም ድምፆች በየፍሬቱ ተደርድረው ስለሚገኙ አምስቱን መርጦ ሰባቱን መተው የተጫዋቹ የጣቱና የጆሮው ሥራ ይሆናል። ብዙ ሰው አምስቱን ድምፅ በቃሉ ከያዘ በኋላ «ቅኝቱን አውቄዋለሁ» ብሎ ሲጫወት ግን አድማጩ ሌላ ነገር የሚሰማው፣ ድምፆቹን እንጂ የድምፆቹን ማረፊያ፣ ማለትም ሐረጉ የሚዘጋበትን ድምፅ፣ ስላልተማረ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው የልምምድ መንገድ በሙሉ የተሠራው በዚህ በማረፊያ ጉዳይ ላይ ነው።

መመሪያው ጊታሩን ራሱ መቃኘት ለሚችል፣ ክሩን ፍሬቱ ላይ ተጭኖ ጥርት ያለ ድምፅ ለሚያወጣና ጥቂት ኮርዶችን ለሚያውቅ ሰው ነው። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ክሮቹን ስንቆጥር ቀጭኑን 1ኛ፣ ወፍራሙን 6ኛ እንላለን፤ ጊታሩም በተለመደው መንገድ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብሎ መቃኘት አለበት። ሁሉንም ቅኝቶች ከአንድ መነሻ፣ ማለትም ከላ፣ እንጫወታለን። ላ የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ 5ኛው ክር በክፍቱ ላ ስለሆነ ማረፊያው ሁልጊዜ ከአውራ ጣት ሥር ይገኛል።

ድምፆቹ የትኞቹ ናቸው?

የቅኝቶቹ ስሞች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ትዝታና ባቲ እያንዳንዳቸው ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት መልክ ስላላቸው ጣት የሚማራቸው ቅርጾች ስድስት ይሆናሉ። (ባቲና አምባሰል የወሎ የቦታ ስሞችም ናቸው፤ ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ ናት።) እነዚህን ቅኝቶች ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሳቸው ከሚነገርላቸው ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች፣ ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ ጋር ማምታታት አይገባም፤ እነዚያ የራሳቸው ሥርዓትና የራሳቸው ምልክት ያላቸው ሌላ ትምህርት ናቸው። በሌላ በኩል በቅኝቶቹ ስያሜ ላይ መምህራን አልፎ አልፎ የሚለያዩበት ስለሚኖር፣ ከዚህ በታች የቀረቡት ዘመናዊ ባንዶች በብዛት የሚጠቀሙባቸው መልኮች መሆናቸውን አንባቢው ይያዝ።

ከክፍቱ 5ኛ ክር ተነሥቶ በዚያው በአንድ ክር ላይ ወደ ላይ የሚወጡት ፍሬቶች የሚከተሉት ናቸው። ዜሮ ማለት ክፍት ክር ነው፤ 12 ደግሞ ያው ላ በኦክታቭ ከፍ ብሎ የሚገኝበት ነው።

ትዝታ ሜጀር፦ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12
ትዝታ ማይነር፦ 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8፣ 12
ባቲ ማይነር፦ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12
ባቲ ሜጀር፦ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12
አምባሰል፦ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12
አንቺሆዬ፦ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12

እያንዳንዱ ፍሬት ግማሽ ድምፅ ስለሆነ እነዚህ ቁጥሮች የጣት አድራሻ ብቻ ሳይሆኑ የቅኝቱ ቀመርም ናቸው። በየትኛውም ክፍት ክር ላይ ቢጫወቷቸው ያንኑ ቅኝት ከሌላ መነሻ ያገኙታል። ለምሳሌ በ4ኛው ክር ላይ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ብለው ቢሄዱ አምባሰልን ከሬ ጀመሩ ማለት ነው።

የምዕራባውያኑን ሰባት ሞዶች፣ ማለትም አዮኒያን፣ ዶሪያን፣ ፍሪጂያን እያለ የሚቀጥለውን ዝርዝር፣ አስቀድሞ የተማረ ሰው ቅኝቶቹን ከሚያውቀው ጋር ማያያዝ ይችላል። ትዝታ ሜጀር አዮኒያን ሆኖ አራተኛና ሰባተኛ ድምፁ የተተወ ነው፤ ባቲ ሜጀር ደግሞ ያው አዮኒያን ሁለተኛና ስድስተኛው ሲተው የሚገኝ ነው። ፍሪጂያን ሦስተኛና ሰባተኛውን ሲያጣ አምባሰል ይሆናል። አንቺሆዬ ግን ከሰባቱ በአንዱም ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በምዕራባዊ ስኬል ያደገ ጣት እዚያ ላይ ሲደርስ የሚደናገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንደኛ ደረጃ፦ ጊታሩን እንደ ማሲንቆ መያዝ

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፤ አዝማሪው ከዚያች አንድ ክር ሁሉንም ቅኝት ያወጣል። እርስዎም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲሁ ያድርጉ። በሳጥን መልክ የተሳለ የጣት ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዶ መጀመር ፈጣን መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ጣቱ የሥዕሉን ቅርጽ እየተከተለ ጆሮው ይተኛል። በአንድ ክር ላይ ሲሄዱ ግን የድምፁ ርቀት በዓይንም በእጅም ይለካል። በአምባሰል ከ1 ወደ 5 ሲዘሉ እጅዎ የሚያደርገው ረዥም ጉዞ፣ ከ7 ወደ 8 ሲሄዱ ደግሞ ጣትዎ የሚያደርገው አጭር እርምጃ የቅኝቱን ጠባይ በአካል ያስተምራል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ዝግጅት ያስፈልጋል። የስልክዎን መቅረጫ ይክፈቱና ክፍቱን 5ኛ ክር በዝግታ፣ በየአራት ቆጠራው አንድ ጊዜ እየመቱ ለአምስት ደቂቃ ይቅረጹ። ይህ ቀረጻ የማይቋረጥ መነሻ ድምፅ ሆኖ ከሥር ያገለግልዎታል። ሉፐር (የተጫወቱትን ቀርጾ እየደጋገመ የሚያሰማ መሣሪያ) ያለው ሰው በእርሱ ሊጠቀም ይችላል፤ ስልኩ ግን መብራት ሲጠፋም ስለሚሠራ እኔ እስከ ዛሬ የምጠቀመው በስልኩ ነው። ለአንቺሆዬም ጭምር እንዲሆን ላን ብቻ ይቅረጹ፤ ሚን አይጨምሩበት። የላ አምስተኛ የሆነው (ከላ በሰባት ፍሬት ከፍ የሚለው) ሚ በአንቺሆዬ ውስጥ የለም፤ ከሥር ከተሰማም 6ኛው ፍሬት ላይ ካለው ከሚ ፍላት ጋር ይጋጫል።

አሁን ቀረጻውን ከፍተው በ5ኛው ክር ላይ ትዝታ ሜጀርን በጣም በዝግታ ይውጡ፤ ይውረዱም። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪው) በደቂቃ 60 ላይ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ምት ይስጡት። ድምፁን ከመምታትዎ በፊት በአፍዎ ያንጎራጉሩት፤ ከዚያ ይምቱና ያመሳክሩ። ይህ ማንጎራጎር ብዙዎች የሚያፍሩበት፣ የሚዘሉትም ክፍል ነው፤ እኔ ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይሂዱ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ጣት ያላንጎራጎሩትን ድምፅም ሊያገኝ ይችላል፤ ያገኘው ግን በአጋጣሚ ነው፣ ነገ ሊያጣው ይችላል።

ቅኝቶቹን የሚማሩበት ቅደም ተከተል ትዝታ ሜጀር፣ ባቲ ማይነር፣ ትዝታ ማይነር፣ አምባሰል፣ ባቲ ሜጀር፣ በመጨረሻም አንቺሆዬ ቢሆን ይመረጣል። ባቲ ማይነርን ሁለተኛ ያደረግሁት ብሉዝ ወይም ሮክ የሞከረ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የሚያውቀው በመሆኑ ነው፤ ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ስኬልና የባቲ ማይነር ድምፆች አንድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቅኝት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይስጡት።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ማረፊያውን መፈተን

ይህ ሙከራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ከብዙ ንባብ ግን የበለጠ ያስረዳል። በ1ኛውና በ2ኛው ክር ላይ የትዝታ ማይነርን ድምፆች፣ ማለትም ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋን ያግኙ። በ2ኛው ክር ክፍቱ ሲ፣ 1ኛው ፍሬት ዶ፣ 5ኛው ሚ፣ 6ኛው ፋ ነው፤ በ1ኛው ክር ክፍቱ ሚ፣ 1ኛው ፋ፣ 5ኛው ላ፣ 7ኛው ሲ፣ 8ኛው ዶ ነው። በእነዚህ ድምፆች እንደፈለጉ እየተንሸራሸሩ በአውራ ጣትዎ ክፍቱን 5ኛ ክር ይምቱ፤ ሐረግዎን ሁሉ በላ ይጨርሱ። የሚሰማዎት ትዝታ ነው።

ከዚያ አንድም ድምፅ ሳይለውጡ አውራ ጣትዎን ወደ ክፍቱ 6ኛ ክር፣ ወደ ሚ፣ ያዛውሩ፤ ሐረግዎንም በሚ መጨረስ ይጀምሩ። ጥቂት ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ትዝታው ይጠፋና አምባሰል ይመጣል። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ በቀመሩ ሲለካ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ነውና በእርግጥም አምባሰል ነው። ድምፆቹ እነዚያው አምስቱ ናቸው፤ የተለወጠው ቤቱ፣ ማለትም ማረፊያው፣ ነው። ፋ በትዝታው ጊዜ ከሚ በላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች የሚያዘነብል ድምፅ ነበር፤ አሁን ማረፊያው ደጃፍ ላይ የቆመ ጎረቤት ሆኗል።

በተመሳሳይ መንገድ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል በክፍቱ 5ኛ ክር ላይ ሲያርፉ ባቲ ማይነር፣ በዚያው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ባለው ዶ ሲያርፉ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ይሆናሉ። እንግዲህ «ከትዝታ ማይነሩ አምስተኛ፣ ከሚ፣ ጀምሬ ብጫወት አምባሰል ይሆናል» እያሉ መማር ለአእምሮ የሚቀል ይመስላል፤ እንዲህ የተማረ ሰው ግን አምባሰል ሲጫወት ልቡ ትዝታው ላይ ስለሚቀር ሐረጉን ደጋግሞ በተሳሳተ ቤት ይዘጋል። ሁሉንም ከአንድ መነሻ የምንማረው ይህን ለማስቀረት ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ አንዱን ሐረግ በስድስቱ ቅኝት ማስኬድ

ከአንድ ክር ወደ ስድስቱ ክሮች መሻገር አሁን ተገቢ ነው። እጅዎን 5ኛው ፍሬት አካባቢ ያሳርፉ፤ ሌባ ጣት 5ኛውን፣ የመሃል ጣት 6ኛውን፣ የቀለበት ጣት 7ኛውን፣ ትንሿ ጣት 8ኛውን ፍሬት ትጠብቅ። ወደ 4ኛው ፍሬት መውረድ ሲያስፈልግ ሌባ ጣት ትዘረጋለች፤ 9ኛው ላይ የሚደረሰውም በትንሿ ጣት ነው። በ6ኛው ክር 5ኛ ፍሬት፣ በ4ኛው ክር 7ኛ ፍሬትና በ1ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ላ ይገኛል። እነዚህ ሦስቱ ቤቶችዎ ናቸው፤ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪያገኟቸው ድረስ ይመላለሱባቸው።

የሁሉንም ቅኝት ሙሉ አቀማመጥ እዚህ መዘርዘር ይቻላል፤ ሆኖም ቀመሩን የያዘ ሰው ራሱ ቢፈልገው ይሻለዋል። ለመነሻ ያህል የሁለቱን ላሳይ። ትዝታ ሜጀር በ6ኛው ክር 5 እና 7፣ በ5ኛው 4 እና 7፣ በ4ኛው 4 እና 7፣ በ3ኛው 4 እና 6፣ በ2ኛው 5 እና 7፣ በ1ኛው 5 እና 7 ነው። አምባሰል በ6ኛው ክር 5 እና 6፣ በ5ኛው 5፣ 7 እና 8፣ በ4ኛው 7 እና 8፣ በ3ኛው 7፣ በ2ኛው 5 እና 6፣ በ1ኛው 5 ላይ ይሆናል። የቀሩትን አራቱን በወረቀት ላይ ስድስት መስመር አስምረው ይሙሉ። ይህን ሲያደርጉ የሚሠሩት ስሕተትና የሚያርሙት እርማት ራሱ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ የማቀርበው ስምንት ድምፅ ያለው ሐረግ ለልምምድ ያበጀሁት ሲሆን ከቅኝቱ አምስተኛ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ቤት ይወጣል፤ ከዚያም ተመልሶ እስከ ታችኛው ቤት ይወርዳል። በመጀመሪያ በትዝታ ሜጀር፦ በ2ኛው ክር 5፣ 7፤ በ1ኛው ክር 5፤ ተመልሶ በ2ኛው ክር 7፣ 5፤ በ3ኛው ክር 6፣ 4፤ በ4ኛው ክር 7።

ይህን በዝግታ እስኪጠራ ድረስ ከተጫወቱ በኋላ ሁለት ድምፅ ብቻ ይለውጡ። በ2ኛው ክር ያለው 7 ወደ 6፣ በ3ኛው ክር ያለው 6 ወደ 5 ይውረድ፤ ትዝታ ማይነር ሆነ። ከዚያ ያንኑ ይዘው የ3ኛውን ክር ሁለት ድምፆች፣ 5ንና 4ን፣ በ3ኛው ክር 7 እና በ4ኛው ክር 8 ይተኩ፤ መጨረሻው በ4ኛው ክር 7 እንደሆነ ይቀራል። አሁን አምባሰል ነው፤ የሐረጉ መዝጊያ ከላይ በግማሽ ድምፅ ብቻ ወደ ቤቱ ሲገባ ይሰማል። ይህች የመጨረሻ እርምጃ የአምባሰል ፊርማ ናትና አይቸኩሉባት፤ በ4ኛው ክር 8 ላይ ትንሽ ቆይተው ይግቡ።

ባቲ ማይነር እንዲህ ይሄዳል፦ በ2ኛው ክር 5፣ 8፤ በ1ኛው 5፤ በ2ኛው 8፣ 5፤ በ3ኛው 7፣ 5፤ በ4ኛው 7። ባቲ ሜጀር ደግሞ፦ በ2ኛው ክር 5፤ በ1ኛው 4፣ 5፣ 4፤ በ2ኛው 5፤ በ3ኛው 7፣ 6፤ በ4ኛው 7። በባቲ ሜጀር ከቤቱ በታች ግማሽ ድምፅ ላይ ያለችው ሶል ሻርፕ ወደ ላ የምትስበው በግልጽ ይሰማል።

አንቺሆዬ የመጨረሻው ነው፦ በ3ኛው ክር 8፤ በ2ኛው 7፤ በ1ኛው 5፤ በ2ኛው 7፤ በ3ኛው 8፣ 7፤ በ4ኛው 8፣ 7። ሐረጉ እዚህ ጋ ሲደርስ መልኩን ይቀይራል፤ በሌሎቹ አምስት ቅኝቶች ሐረጉ የተነሣበት ጽኑው አምስተኛ እዚህ በግማሽ ድምፅ ስለወረደ መቆሚያ የሚሆን መሬት አይሰጥም። ስለዚህ በአንቺሆዬ ውስጥ በሐረግ መሃል ማረፍ ሲፈልጉ በአራተኛው፣ ማለትም በ3ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ባለው ሬ ይረፉ። ለዚህ ቅኝት ከሌሎቹ እጥፍ ጊዜ ይስጡ፤ ጆሮ እስኪለምደው ድረስ እጅ ትክክል እያለ እንኳ «ተሳሳትኩ» የሚያሰኝ ቅኝት ነው።

የዕለቱ ልምምድ

በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ለአራት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ እጅግ ይሻላል። የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ በአንድ ክር ላይ፣ በቀረጻው ታጅበው፣ እያንጎራጎሩ ያሳልፉ። ቀጣዩን አሥር ደቂቃ ለዚያ ሳምንት በተመረጠው ቅኝት ላይ በሦስት በሦስት እየከፈሉ ይለማመዱ፤ ማለትም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያሉ ይውጡ፤ እንዲሁ ይውረዱ። በሦስት መክፈሉ ለአገራችን ምት ይመቻል፤ ብዙው ዘፈን የሚሄድበት የችክችካ ምት ስድስት ስምንተኛ ስለሆነ ሁለቱ ሦስትዮሽ አንድ ሙሉ መስፈሪያ ይሞላሉ። ሜትሮኖሙን በሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ምት በላይ አይጨምሩበት።

የቀረው ሩብ ሰዓት ለጥያቄና መልስ ይሁን። አጭር ሐረግ ይፍጠሩና ከማረፊያው ውጪ በሆነ ድምፅ ላይ ያቁሙት፤ ይህ ጥያቄ ነው። ከዚያ አጀማመሩ ተመሳሳይ የሆነ፣ ነገር ግን በላ የሚዘጋ ሐረግ ይመልሱለት። ዘፋኝ የግጥሙን የመጀመሪያ ስንኝ አንጠልጥሎ በሁለተኛው እንደሚያሳርፍ ያስቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሦስት ወይም ከአራት ድምፅ በላይ አይጠቀሙ፤ በጥቂት ድምፅ መናገር ያልቻለ በአምስቱም አይናገርም።

ኮርድ የሚያመጣው ጣጣ

ቅኝቶቹ ያደጉት ያለ ኮርድ ነው። ጊታር የያዘ ሰው ግን ኮርድ መምታቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የትኛው ኮርድ ቅኝቱን እንደሚረዳ፣ የትኛው እንደሚያፈርሰው መለየት ያስፈልጋል። ከላ ተነሥተን በትዝታ ሜጀር ውስጥ ላ ሜጀርና ፋ ሻርፕ ማይነር በሙሉ ይገኛሉ። በትዝታ ማይነር ላ ማይነርና ፋ ሜጀር፣ በባቲ ማይነር ላ ማይነርና ዶ ሜጀር፣ በባቲ ሜጀር ላ ሜጀርና ዶ ሻርፕ ማይነር አሉ። እስከዚህ ችግር የለም።

ችግሩ አምባሰል ላይ ነው። በአምባሰል ውስጥ ከቤቱ በላይ ሦስተኛ ድምፅ ስለሌለ የቤቱ ኮርድ ሜጀርም ማይነርም ሊሆን አይችልም። ከድምፆቹ በሙሉ የሚሠሩት ኮርዶች ሬ ማይነርና ሲ ፍላት ሜጀር ብቻ ናቸው። ከዓመታት በፊት በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ አምባሰል የምትዘፍን ልጅ ሳጅብ፣ ሬ ማይነር ከዜማው ጋር ምንም ሳይጋጭ ሲሄድልኝ ደስ ብሎኝ ደጋግሜ መታሁት። ልጅቷ ሐረጓን በላ ልትዘጋ ስትል የኔ ኮርድ ወደ ሬ ይጎትታታል፤ በሦስተኛው ስንኝ ላይ የት እንደምታርፍ ጠፍቷት ዞር ብላ አየችኝ። አንድም የተሳሳተ ድምፅ አልመታሁም ነበር። ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት የሬ ትዝታ ማይነር መሆናቸውን ያስተዋልኩት ማታ ቤቴ ገብቼ ጊታሬን ሳነሣ ነው፤ ለካ እርሷ አምባሰል ስትዘፍን እኔ ከሥር ትዝታ ስጫወት አምሽቻለሁ። ስለዚህ ለአምባሰል በ6ኛው ክር 5፣ በ5ኛው 7፣ በ4ኛው 7 ይዘው ላና ሚን ብቻ ያስሙ፤ ሬ ማይነርን ካስፈለገ ለቅጽበት ነካ አድርገው ይመለሱ። ለአንቺሆዬ ደግሞ ኮርዱን ትተው ላን ብቻ ቢደጋግሙ ከሁሉም የተሻለ ነው።

አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ማስማማት ለጀማሪ ብቻ የሚከብድ ሥራ እንዳልሆነም ማወቅ ያጽናናል። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለደውና በቦስተኑ በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሠራው ሙዚቃ ቅኝቱን ሳያጠፉ ከሥሩ የጃዝ ሃርመኒ የማስገባት ረዥም ጥረት ነው።

በፍሬቶች መካከል ያለው ድምፅ

የጊታር ፍሬት ኦክታቩን አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፍለዋል። ክራርና ማሲንቆ ግን በጆሮ የሚቃኙ ስለሆኑ ድምፃቸው ከፍሬቱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊያርፍ ይችላል። ለምሳሌ ግማሽ ድምፅን መቶ ቦታ ከፍለን አንዱን ሴንት ብንለው፣ በጆሮ ጥርት ብሎ የሚሰማው ሜጀር ሦስተኛ ከጊታሩ ሜጀር ሦስተኛ በ14 ሴንት ገደማ ዝቅ ያለ ነው። ትዝታን በጊታር ሲጫወቱ «ትክክል ነው፤ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል» የሚያሰኘው ስሜት ከፊሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መፍትሔው ክሩን በጣት ገፋ በማድረግ ድምፁን ማንሣት ነው። ክር ሲገፋ ድምፁ ከፍ እንጂ ዝቅ ስለማይል፣ ከፍሬቱ ትንሽ ዝቅ ያለ ድምፅ ሲፈልጉ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ይመለሱና ከዚያ ወደ ላይ ይግፉት። በትዝታ ሜጀር 3ኛው ክር ላይ 6ኛውን ፍሬት ከመጫን ይልቅ 5ኛውን ተጭነው እስከ ዶ ሻርፕ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያቁሙት። የማሲንቆውን መንሸራተት ለማምጣት ደግሞ በተጫኑበት ጣት ሳይለቁ ወደሚቀጥለው ፍሬት ይሳቡ፤ በአምባሰል 4ኛ ክር ላይ ከ8 ወደ 7 ያለችው እርምጃ በዚህ መንገድ ስትሠራ ከሁለት ምት በተሻለ ትናገራለች።

ይህን ከቁጥር ሳይሆን ከጆሮ ነው የሚማሩት። ለትዝታ ጌታቸው ካሣንና በዛወርቅ አስፋውን፣ ለአምባሰልና ለባቲ ማሪቱ ለገሠን፣ ለክራር አስናቀች ወርቁን ያዳምጡ። ጊታሩ ራሱ በባንድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለመስማት የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን ሰላም ስዩምን፣ በዘመኑም ግሩም መዝሙርን ይከታተሉ። ሲያዳምጡ በመጀመሪያ ጊታሩን አያንሡ፤ ዘፋኙ ሐረጉን የሚዘጋበትን ድምፅ በአፍዎ ይያዙትና ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አብረው ያንጎራጉሩት። ከዚያ ያንን ድምፅ በ6ኛው ክር ላይ ይፈልጉና ያንን ፍሬት እንደ አዲስ ዜሮ ይቁጠሩት።

ከካሴት የተገለበጡ የቆዩ ቀረጻዎች ግን ከቲዩነሩ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ ቴፑ ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ይላልና። ድምፁ በሁለት ፍሬቶች መካከል ከወደቀ ቲዩነሩን ያስቀምጡት። 5ኛውን ክር ከዘፋኙ ማረፊያ ጋር እስኪገጥም ጠበቅ ወይም ላላ ያድርጉና የቀሩትን አምስቱን ክሮች በእርሱ ልክ ይቃኙ።